ቅዳሜ ውሃ የማትቀዳው ሴት

የወልቂጤ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶች ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ የታየኝ እርጥብ ሲሚንቶ ነው። እግሬን ላሳርፍ ስል አንዲት ሴት ከውስጥ፣ «ጫማሽን አውልቂ እህቴ፣ አሁን ነው የወለወልነው» አለችኝ። ለእስር ገብቼ እንደ እንግዳ ጫማ አውልቂ መባሌ ገረመኝ። አውልቄ ገባሁ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ነው። እኔና ባለቤቴ አስተማሪዎች ነበርን። በምርጫው ታዛቢ ሆነን ስለተቀመጥን አንድ ጠዋት ሁለታችንንም ከቤት ወሰዱን። እሱን ከግቢው ማዶ፣ ወንዶች ክፍል አስገቡት።

ጫማ ያስወለቀችኝ ሴት ልብስ ሰፊ ናት። ለተቃዋሚዎች ቲሸርት ሰፍተሻል ተብላ ነው የታሰረችው። የጎንደር ሰው ናት፣ ቤተ እስራኤል። በወልቂጤ የእምነቷ ሰው እሷና እህቷ ብቻ ነበሩ።

«እዚህ ጸሎት ቤት የለን፣ ቄስ የለን» አለችኝ አንድ ቀን። «ያለን ሳምንቱ ነው። በዓል ሲሆንማ ማንም ያከብራል። ሰው የሚታወቀው በዓል በሌለበት ሳምንት ነው።»

በአገሯ አርብ ከቀትር በኋላ ሴቶቹ ወንዝ ወርደው ልብሳቸውንም ገላቸውንም ይታጠባሉ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋል። ቅዳሜ ጸሎት ቤት ተሰብስበው ቄሱ ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ፣ ከዚያ እስከ ማታ መጠያየቅ ነው። ክፍላችን ውስጥም ይህንኑ ታደርግ ነበር። አርብ በአንዲት ጣሳ ውሃ ከተዘረጋ ሻሽ ጀርባ ትታጠባለች፤ እህቷ ያመጣችላትን ዳቦ በንጹሕ ጨርቅ ትጠቀልላለች፤ ጀምበር ስትገባ «ሰንበት ሰላም» ትለናለች። መጀመሪያ ዝም ብለን እናያት ነበር። እያደር ሁላችንም አርብ አርብ ፊታችንን ታጥበን መጠበቅ ጀመርን።

ውሃ የምንቀዳው በተራ ነው። የተራውን ነገር ያስተካከሉት ሐጂያ ነበሩ፣ የመስቃን ነጋዴ፣ በዕድሜም በአንደበትም የክፍሉ አለቃ። ልብስ ሰፊዋ አርብን ለሐጂያ፣ እሁድን ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ትቀዳለች፤ ቅዳሜዋን ሌላ ይቀዳላታል።

«እንግዲህ ጁምዓ የኔ፣ ቅዳሜ የሷ፣ እሁድ የእናንተ» አሉ ሐጂያ። «ለመንግሥት የቀረው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ነው።»

ቅዳሜን ለእኔ ሰጡኝ። ቧንቧው ያለው ወንዶች ክፍል መስኮት ሥር ነዋ። ጀሪካኑ እስኪሞላ ባለቤቴና እኔ እንተያያለን። ውሃው በቀጭኑ ስለሚወርድ ሌላው ሲማረር እኛ ደስ ይለን ነበር።

አንድ አርብ ወሬ ደረሰን፤ ወንዶቹ እሁድ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ይወሰዳሉ። ከዚያ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የቀረችኝ ያቺ ቅዳሜ ናት።

ጠዋት ጀሪካኑን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ተረኛው ሳጅን ከፍቶ በእኔ ትከሻ ላይ አሻግሮ ልብስ ሰፊዋን አያት።

«ዛሬ መጀመሪያ የምትቀዳው እሷ ናት። ከዚያ ሌላው ይወጣል። እሷ ካልቀዳች ማንም አይወጣም።»

«ተራው የኔ ነው» አልኩት።

«እዚህ ሰንበት የሚባል ነገር የለም!»

ልብስ ሰፊዋ ተነሣች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ባልሽን ሳታዪማ አይሄድም። እኔ ልቅዳ፤ እግዚአብሔር ልቤን ያያል።»

እንደምትሄድ አውቄያለሁ። ዝም ብል እሱን አየዋለሁ። የነጠላዋን ጫፍ ይዤ ወደ ቦታዋ መለስኳትና፣ «እኛ ውሃ አልጠማንም» አልኩ ለሳጅኑ።

«እኔማ ጾመኛ ነኝ» አሉ ሐጂያ ከጥግ።

«ረመዳን ገባ እንዴ?»

«ሱና ነው ልጄ። አንተ የማታውቀው ጾም ብዙ ነው።»

«እኔም ጾም ጸሎት ላይ ነኝ» አለች አብራን የታሰረች አንዲት ጴንጤ መምህርት።

በሩ ተዘጋ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ቀኑ ሞቃት ነበር። ከአጥሩ ውጭ የሚኒባስ ረዳቶች «አገና! አገና!» እያሉ መንገደኛ ይጣራሉ። ልብስ ሰፊዋ ዳቦዋን አውጥታ ቆረሰች። «ሰንበት አይጾምም፤ ብሉ» አለች። ሐጂያ ሱናቸውን ወዲያው ፈቱ። ደረቅ ዳቦ በደረቅ አፍ ስናላምጥ ቆይተን፣ መምህርቷ አልወርድ ብሏት ዓይኗ ሲፈጥ ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ልብስ ሰፊዋ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፣ እስኪመሽም አልተነሣችም።

በመስኮቷ ቀዳዳ ኮከብ ሲታያት ተነሥታ በሩን አንኳኳች። ዘበኛው ተቀይሯል። «ሰንበት ወጥቷል፤ ውሃ ልቅዳ» አለችው፣ እንደ ተራ ነገር። ከፈተላት።

ቆየች። ስትመለስ ሁለት ጀሪካን ሙሉ ይዛለች። ጣሳውን ሞልታ መጀመሪያ ለሐጂያ እጅ አስታጠበች፣ ከዚያ ለሁላችንም በየተራ፤ እንደ ቤቷ እንግዶች። ማንም ሳይታጠብ አልጠጣም። ወደ እኔ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ባልሽ የጠዋቱን ሁሉ በመስኮቱ ሰምቷል።»

«ምን አለ?»

«‹ቀስ ብለሽ ሙዪ፣ ስለ እሷ አውሪኝ› አለኝ። ሁሉን ነገርኩት። በእንቅልፍሽ ተማሪ እንደምትቆጪ ሳይቀር።»

እሁድ ጠዋት የመኪናውን ድምፅ ሰማን። ልብስ ሰፊዋ ጀሪካኗን አንሥታ ወጣች፤ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ የምትቀዳበት ቀን ነበር።

ባለቤቴ ከወራት በኋላ ተፈታ፤ ረጅም ዘመን አብረን ኖርን። ባለፈው ክረምት አረፈ። ዛሬ አንድ ጊዜ መተያየት ምን ያህል እንደሆነ ያኔ ከማውቀው በላይ አውቃለሁ። ቢሆንም ያቺ ቅዳሜ ብትመለስ ያንኑ ነጠላ የምይዝ ይመስለኛል። እሷ በባዶ ክፍል ውስጥ ሳምንቱን አቁማው ነበርና፣ እኔ የማፈርሰው ነገር አልነበረም።

ታሞ ሳለ አንድ ቀን ጠየቅሁት። «ያን ቀን እሷን አስቀድሜ ብመጣ ምን ትለኝ ነበር?»

ብዙ ሳያስብ መለሰልኝ። «አንቺን በማየቴ ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «አዲስ አበባ እስክደርስ ግን የማስበው እሷን ነበር።»