የስፌት መኪናዋን ያስቆመው መጽሐፍ

በንግድ ኮሌጁ የኩባንያ ፋይናንስ መግቢያ የሚያስተምረውን ሰው እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ለተማሪውም፣ ለመምህሩም፣ ለበር ጥበቃውም «እናስብበት» ነው። ስሙን ያተረፈለት የገዛ አፉ ነው። ሻይህ በስኳር ይሁን ያለ ስኳር ሲሉት «እናስብበት» ይላል። ፈተናው ሰኞ ይሁን ማክሰኞ ሲሉት «እናስብበት» ይላል። አንድ ጊዜ ጫማ ሊገዛ ገብቶ፣ ባለሱቁ ምሳውን በልቶ ሲመለስ በአንድ እግሩ ጥቁር፣ በአንድ እግሩ ቡኒ እንደተጫማ እዚያው መስታወቱ ፊት ቆሞ አገኘው። ጉዱ እኮ ይኼ አይደለም። ጉዱ ይህ ሰው ኑሮውን የሚገፋው ውሳኔ በማስተማር መሆኑ ነው። ኩባንያው የትኛውን ማሽን ይግዛ፣ የትኛውን ፋብሪካ ይዝጋ፣ ሰሌዳ ላይ ሲያሰላው እጁ አይንቀጠቀጥም። ከክፍል ሲወጣ ግን በግራው ደረጃ ልውረድ በቀኙ ሲል ተማሪዎቹ አልፈውት ይሄዳሉ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእሱ ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ሳሎን ውስጥ፣ በሶፋውና በቁም ሳጥኑ መካከል ተሰንቅራለች፤ ደንበኛ ሲመጣ የሚለካው ወጥ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ ነው። አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን ስትለካ ጫፉ ድስት ውስጥ ገብቶባት አልቅሳ ሄዳለች። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ፣ ከፋርማሲው አጠገብ፣ ሰፊ መስኮት ያለው ባዶ ክፍል አለ። በሩ ላይ የተለጠፈው «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ፀሐይ መቶት ቢጫ ሆኗል። ሚስቱ ያን ክፍል ካየችው ቀን ጀምሮ ልቧ እዚያ ነው።

«እንከራየው» ትለዋለች።

«ቋሚ ልሁንና እናስብበታለን» ይላታል።

እውነቱን ለመናገር ይህኛው ምክንያት ባዶ አልነበረም። ሰውየው የኮንትራት መምህር ነው፤ ውሉ በየዓመቱ ካልታደሰ ሜዳ ላይ ይቀራል። ዘንድሮ ግን የቋሚ ቅጥር ደብዳቤው ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የቀረው የኃላፊው ፊርማ ብቻ ነው። ሚስትየው በየማታው ደብዳቤውን እንደ ታማሚ ነው የምትጠይቀው፤ «ደብዳቤው እንዴት ዋለ?»

ኃላፊው ዶክተር ናቸው፤ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይላቸዋል፣ እሳቸውም ሌላ ስም ቢጠሯቸው አይሰሙም። አንድ ቀን ጠዋት እናስብበትን አስጠሩት።

«ለጀማሪዎቹ አዲስ መማሪያ መጽሐፍ ምረጡ ተብለናል» አሉት። «ሦስት ቀርበዋል። አንዱ፣ እንደምታውቀው፣ የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ዶክተር።»

«ኋላ ሰው ‹የራሱን መረጠ› ብሎ እንዳያማኝ በስውር ይገምገም። ሦስቱንም ሸፍናቸው። ስም፣ ፎቶ፣ መቅድም፣ አንዲት ምልክት እንዳትታይ። ከዚያ እኔ፣ አንተና እትዬ ሚዛን እንዳኛለን። ጥሩ መጽሐፍ ራሱ ይናገራል።» ይህን እያሉ የቅጥሩን ደብዳቤ በጣታቸው ገፋ አድርገው ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከሉት። «ውጤቱ መልካም ከሆነ ሌላውንም ጉዳይ በዚያው እንቋጫለን።»

እናስብበት መወሰን ያቅተው እንጂ ሞኝ አይደለም። ነገሩ ወዲያው ገባው።

መጻሕፍቱን ያለበሰቻቸው ሚስቱ ናት። ከተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ ለአንዱ ቡኒ፣ ለአንዱ ሰማያዊ፣ ለዶክተሩ መጽሐፍ ደግሞ አበባ ያለበት ጃኬት ሰፋችላቸው። «ውስጡን እንጃ፣ ላዩ እንኳ ይመር» አለች። የጸሐፊው ስም ያለባቸውን ገጾችና መቅድሞቹን በሙሉ በክር ጠቅማ ዘጋቻቸው። የዶክተሩ መቅድም ረጅም ነበር፤ ፎቷቸውም ሙሉ ገጽ ይዟል፤ ለእሱ ድርብ ክር ፈጀች።

ከዚያ ግምገማው ቤት ውስጥ ተጀመረ። እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ሶፋው ላይ ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ቡኒው ከባሕር ማዶ የመጣ ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ጉልበት ላይ ሲያስቀምጡት እግር ያደነዝዛል። የመጀመሪያ ምሳሌው የግል አውሮፕላን ስለሚያከራይ ኩባንያ ነበር። እናስብበት የአውቶቡስ ሳንቲም ቆጥረው የሚመጡትን ተማሪዎቹን እያሰበ ገጹን ገለበጠ። የስፌት መኪናዋ ትር-ር-ር እያለች ቀጠለች። እሱ አንድ ምዕራፍ ሲጨርስ እሷ የአንድ ሸሚዝ ኮሌታና ሁለት እጅጌ ጨረሰች፤ ምን እንደሰማች ቢጠይቃት «ስለ አውሮፕላን ነው» አለችው።

ቀጥሎ አበባማው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እያንዳንዱ አንቀጽ የሚጀምረው «እንደሚታወቀው» በሚል ቃል ነው።

«ከታወቀ ምን አስጻፈው?» አለች ሚስቱ፣ እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሳ።

ምዕራፍ ሰባት ላይ ሲደርስ ደግሞ «አንተ ሰው፣ ይኼን ቅድም አልሰማነውም?» አለችው። ገልብጦ ቢያይ እውነቷን ነው፤ ምዕራፍ አራት ራሱ ሌላ ቁጥር ተሰጥቶት ተመልሶ መጥቷል። ከሁሉ የባሰው መልመጃው ነበር። ጥያቄው «የጡብ ፋብሪካው በዓመት የሚከፍለው ወለድ ስንት ነው?» ይላል። ከመጨረሻው ገጽ መልሱን ቢፈልጉ «አራት ሠራተኞች» ይላል። በኮሌጁ ይህን መጽሐፍ የጻፉት ለቤት ሥራ ምዕራፍ ምዕራፍ የታደላቸው ተመራቂ ተማሪዎች ናቸው፣ የዶክተሩ መቅድሙ ብቻ ነው እየተባለ ይታማ ነበር። እናስብበት ሐሜት አይወድም፤ አሁን ግን አራቱ ሠራተኞች መሰከሩ።

ሰማያዊው ቀጭን ነው። የሚጀምረው ምድጃዋ ባረጀባት ዳቦ ጋጋሪ ነው። አዲስ ምድጃ ልግዛ ወይስ አሮጌውን ላስጠግን እያለች ታሰላለች። አንዴ ዋጋው ይቀንስ ይሆናል ትላለች፣ አንዴ ደንበኛው ይበዛ ይሆናል ትላለች፤ በዚህ መሐል በየጠዋቱ አንድ ጎኑ ያረረ ዳቦ ትጥላለች። እናስብበት ማንበቡን ቀጠለ፤ «ሳይወስኑ መቆየት በነፃ አይደለም። ዋጋው በየቀኑ ይከፈላል፤ ደረሰኝ ስለማይቆረጥለት ግን ማንም አያየውም።»

የስፌት መኪናዋ ቆማለች።

«እስቲ ድገመው» አለች ሚስቱ።

ደገመው። እሷ በመስኮቱ አሻግራ ቢጫውን ወረቀት ብቻ አየች። እሱም ያየችውን አይቶ፣ ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ፣ ሳል ሳይመጣበት አስሎ ወደሚቀጥለው አንቀጽ ቸኮለ።

መጻሕፍቱ እንደተሸፈኑ በዶክተሩና በእትዬ ሚዛን እጅም ዞረው ተነበቡ። የግምገማው ቀን ሦስቱ ዳኞች በኮሌጁ ትንሽ መሰብሰቢያ ክፍል ተቀመጡ። የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር ስለሆነ ከሥሩ የታጠፈ የድሮ ፈተና ተደርጎለታል። እትዬ ሚዛን በሂሳብ አያያዝ ትምህርት ያረጁ መምህርት ናቸው፤ ጡረታቸው ስለተቃረበ የሚፈሩት ሰው የለም። እናስብበት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነው። ከሦስቱ ዳኞች የትኛው መጽሐፍ የትኛውን ጨርቅ እንደለበሰ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነበር።

ዶክተሩ መጀመሪያ ሰማያዊውን አነሱ። «የማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው» አሉና ዓይናቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ደግ መጽሐፍ ነው። አጻጻፉ ይፈሳል። ጸሐፊው ጥልቅ ሰው ነው። ትሑትም ይመስለኛል።» «ትሑት» ሲሉ እጃቸው ሳያውቁት ደረታቸው ላይ ወጣ።

እናስብበት ብዕሩ ከጣቱ ሊወድቅ ነበር። ሰውየው ሰማያዊውን የራሳቸው መስሏቸዋል!

«ይኼ አበባ የለበሰው ግን» ቀጠሉ ዶክተሩ፣ በሁለት ጣት አንጠልጥለው፤ «ይኼ መጽሐፍ ነው? ወለድን በሠራተኛ ይቆጥራል! ምዕራፍ አራትን ሁለቴ ይሸጥልናል! ይህን የጻፈ ሰው ዳግመኛ ብዕር እንዳይጨብጥ ቢከለከል ለአገር ውለታ ነው።»

«ኧረ እኔም ከሰማያዊው ጋር ነኝ» አሉ እትዬ ሚዛን። «አንተስ፣ ልጄ?»

እዚህ ላይ ነው የሰውየው ሕይወት እንደዚያ ጫማ ቤት በሁለት እግሩ ሁለት ቀለም ያጠለቀችው። አንዴ ቢያስል ይበቃል። ዶክተሩ ብልጥ ናቸው፤ ሳሉን ይረዱታል፤ ነገሩን ጠምዝዘው አበባማውን ያነሳሉ፣ ደብዳቤው ይፈረማል፣ ክፍሉም ይከራያል። ዝም ካለ ደግሞ ደብዳቤው ገደል ገባ። ሳሉ ጉሮሮው ድረስ መጣ። «እናስብ…» ብሎ ጀመረም። ከዚያ ግን የተማሪዎቹ ፊት ታየው፤ የጡብ ፋብሪካውን ወለድ ሲፈልጉ አራት ሠራተኞች የሚያገኙት ልጆች ታዩት። ቀጥሎ ያቺ ቆማ የቀረች የስፌት መኪና ትዝ አለችው።

«ሰማያዊው!» አለ፤ ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮኸ። «በሙሉ ድምፅ ሰማያዊው። ቃለ ጉባኤው ዝግጁ ነው፤ ይፈርሙ፣ ዶክተር።»

ሰውየው እንዲህ ሲፈጥን አይተውት ስለማያውቁ ዶክተሩ ደስ ብሏቸው፣ ሰፊ ፊርማቸውን አሳረፉበት። «ይኸውልህ፣ ጥሩ መጽሐፍ ራሱ ይናገራል አላልኩህም?» አሉ። «በል ግለጠው፣ የማን እንደሆነ እንየው።»

እትዬ ሚዛን ከቦርሳቸው መቀስ አወጡ። የሰማያዊው ክር ሲበጠስ ዶክተሩ የማያውቁት ስም ብቅ አለ። የአበባማው ድርብ ክር ሲበጠስ ደግሞ፣ በሙሉ ገጽ፣ በከረባት፣ ፈገግ ብለው፣ ራሳቸው ዶክተሩ ብቅ አሉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከጠረጴዛው በላይ ያለው ፊትና ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ፊት ተፋጠጡ፤ የሚስቀው አንደኛው ብቻ ነበር።

«‹ዳግመኛ ብዕር እንዳይጨብጥ› ያሉት ይመዝገብ ወይስ ይሰረዝ?» አሉ እትዬ ሚዛን፣ መቀሳቸውን ወደ ቦርሳቸው እየመለሱ።

ዶክተሩ ተነስተው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ እናስብበት ዞረው «የቅጥርህን ነገር…» አሉና ቃል ፈለጉ። «እናስብበት» አሉ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀኖች ለጠላትም አይስጥ። ዶክተሩ በኮሪደሩ ሲያዩት መንገድ ይቀይራሉ። እሱ ቤት ሲገባ ሚስቱ «ደብዳቤው እንዴት ዋለ?» ስትለው «ተኝቷል» ይላታል። የሆነውን ሊነግራት ፈራ፤ ግን ነገራት። አልተቆጣችውም፤ «ደግ አደረግህ» ብላ ፔዳሏን መርገጥ ቀጠለች። መርገጧ ግን ከወትሮው ጠንከር ያለ ነበር፤ እሱም ሰምቶታል።

ወሩ ሳያልቅ የመምህራን ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። ዶክተሩ መድረክ ላይ ወጥተው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ስለ ሐቀኝነት መናገር ጀመሩ። «የገዛ መጽሐፌን የጣልኩት እኔ ነኝ!» አሉ። «ከመጀመሪያው ገጽ የእኔ መሆኑን አውቄዋለሁ። ነገር ግን ለትውልድ ስል በራሴ ላይ ፈረድኩ!» አዳራሹ አጨበጨበ። እትዬ ሚዛን ወዲያው ሳል ያዛቸው። ዶክተሩ በጭብጨባው ሞቅ አሉና አንድ እርምጃ አበዙ፤ «ምስክሬም ይኸው እዚህ አለ! አንተ፣ አውቄ እንደጣልኩት አይተሃል፤ አይደለም እንዴ?»

ያ ሁሉ ፊት ወደ እናስብበት ዞረ። «አዎ» ቢል ውሸት ነው፤ «አይደለም» ቢል የደብዳቤው ቀብር ነው። ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ዶክተሩን ዓይን ለዓይን አያቸው።

«እናስብበት» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እንደ ልማዱ መስሏቸው ነው። ያልሳቁት ዶክተሩ ብቻ ነበሩ፤ ላብ አጠመቃቸው።

ስብሰባው እንዳለቀ ጸሐፊዋ ሮጣ ጠራችው። ዶክተሩ ደብዳቤውን ፈርመው፣ ቀለሙ ሳይደርቅ በእጃቸው ሰጡት። «ያሰብከውን ነገር» አሉት ቀና ብለው ሳያዩት፤ «እዚያው አንተው ዘንድ ይቀመጥ።»

ያን ቀን ደረጃውን በየት በኩል እንደወረደ አያስታውስም። ቤት ሲገባ ሚስቱ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። መኪናዋ ትር-ር-ር ትላለች።

«ደብዳቤው እንዴት ዋለ?»

«ተፈረመ።»

«እሰይ!» አለች፤ ግን እግሯ አልቆመም። የምታውቀው ባሏ ነው። «ክፍሉንስ? መቼ እናስብበት?»

«ተከራየሁት» አለ። «ባለ መስኮቱን። ስመጣ ውል ፈረምኩ።» ቁልፉን ዩኒፎርሙ ላይ አስቀመጠው።

የስፌት መኪናዋ ቆመች። በመስኮቱ አሻግራ አየች፤ ማዶ በሩ ላይ ቢጫው ወረቀት የለም። ዞራ ባሏን እንደ እንግዳ ሰው ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«እስቲ ድገመው» አለችው።