ፍራሽ ሥር ያደሩ ቅጠሎች

ከሕፃናት ማቆያው ጓዳ በር ጀርባ፣ ሚስማር ላይ፣ አንድ ሰማያዊ ሽርጥ ተንጠልጥሏል። ታጥቦ የተተኮሰ፣ ኪሱ በጥንቃቄ የተጣፈ፣ ለክፉ የማይሰጥ ሽርጥ ነው፤ ቀኝ ጫፉ ብቻ በመቀስ ተቆርጦ ጎድሏል። ባለቤቱ «ምን በላብዎት?» ተብለው ሲጠየቁ «እንቅልፍ» ብለው ይመልሳሉ። ከዚያ በላይ አያብራሩም፤ ነገር ማብዛት አይወዱም።

እኚህን ሴት ልጆቹ እትዬ ሙጫ ይሏቸዋል። ስሙን መጀመሪያ ያወጣው የትኛው ልጅ እንደሆነ የሚያስታውስ የለም፤ ምክንያቱ ግን ለማንም ግልጽ ነው። ከጣታቸው የደረቀ ሙጫ ጠፍቶ አያውቅም። የረጅም ዘመን ባልንጀራቸው የሆነችው የማቆያው ምግብ አብሳይ ደግሞ ለስሙ ሌላ ትርጓሜ አላት፤ «እሷ አንድ ልጅ ላይ ከተጣበቀች በፈላ ውሃም አትለቅ» ትላለች።

ቀድሞ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የወንድማቸው ሚስት ስትሞት ልጆቹን ወደ ቤታቸው ወስደው፣ በስፌት መኪና ድምፅ እያስተኙ፣ በጨርቅ ቁራጭ እያጫወቱ ለወግ ለማዕረግ አበቋቸው። የመጨረሻዋ ጎጆ ወጥታ ቤቱ ጭር ሲልባቸው መቀሳቸውን በከረጢት ይዘው ወደ ማቆያው መጡ። «ልጅ የሌለበት ቤት ሰዓቱ እንኳ በደንብ አይቆጥርም» አሉ፤ ሥራ የጠየቁት በዚህ ቃል ነበር።

በማቆያው ግቢ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። ቅጠሉ መቅላትና መርገፍ ሲጀምር የእትዬ ሙጫ ወራት ገባ ማለት ነው። ሌላው ሰው ቅጠል ለማድረቅ መጽሐፍ ይጭንበታል፤ ወይም በካውያ ይተኩሰዋል። እሳቸው ግን የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። እያንዳንዱ ልጅ ከግቢው አንድ ቅጠል ይመርጣል፤ በአሮጌ ጋዜጣ መካከል አድርጎ ከገዛ ፍራሹ ሥር ያስቀምጠዋል፤ ከምሳ በኋላም ይተኛበታል። ሳምንቱ ሲያልቅ ቅጠሉ ለጥ ብሎ፣ እንደ ወረቀት ሳስቶ ይወጣል፤ ካርቶን ላይ ሲለጠፍም ወፍ፣ ዓሣ ወይም የአያት ጢም ይሆናል። «ሰው ተኝቶ የሚሠራው ሥራ ይህ ብቻ ነው» ይላሉ እትዬ ሙጫ ኮስተር ብለው። ስለዚህ በዚያ ወራት የቀትር እንቅልፍ ሲደርስ የሚያለቅስ የለም፤ ልጆቹ «ሥራ እንግባ» ተባብለው በየፍራሻቸው ይዘረጋሉ።

ባለፈው የቅጠል ወራት ግን አንዲት ልጅ ሥራ አልገባም አለች። አዲስ መጪ ነበረች፤ ትንሽ፣ ዝምተኛ፣ ዓይነ ትልቅ። ሌሎቹ ሲያንኮራፉ እሷ ፍራሿ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ በሩን ታያለች። በየመካከሉ የፍራሹን ጥግ ታነሣለች፤ ጋዜጣውን ትገልጣለች፤ ቅጠሏ መኖሩን አረጋግጣ መልሳ ትሸፍናለች። ምግብ አብሳይዋ በበሩ ስታልፍ አየቻትና «ዘበኛዋ ዛሬም ተረኛ ናት» አለች፤ ስሙ እዚያው ጸና።

ነገሩ ግን የሳቅ አልነበረም። ዘበኛዋ ድካሙ ሲበረታባት ማልቀስ ትጀምራለች፤ ለቅሶዋም ክፍሉን በሙሉ ይቀሰቅሳል። አስተዳዳሪዋ እትዬ ሙጫን ወደ ጎን ጠራቻቸው።

«እትዬ፣ እንደሚያዝኑ አውቃለሁ። ግን ሌሎቹም የሰው ልጆች ናቸው። እስከ ዓርብ ካልተኛች እናቷ የቤት ሞግዚት ትፈልግላት።»

«በምን አቅሟ?»

«እሱን እኔም አላውቅም» አለች አስተዳዳሪዋ። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህን ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

እናቲቱ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት፤ ፈረቃዋ ከቀትር እስከ ምሽት ነው። ልጅቷ ከማቆያው ከወጣች እሷም ከሥራዋ መውጣቷ ነው፤ መካከለኛ መንገድ አልነበረም።

እትዬ ሙጫ በማግሥቱ የሠሩት ስሕተት ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ስሕተት ግን ስሕተት ነው። የዘበኛዋን ጋዜጣ ገልጠው ቢያዩ፣ ማንም ያልተኛበት፣ በየጊዜው የተገላበጠው ቅጠል እንደ ቀንድ አውጣ ተጠቅልሏል። የልጆቹ ሥራ ግድግዳ ላይ ሲወጣ የእሷ ከካርቶን ጋር አይጣበቅም። በጓደኞቿ ፊት አፍራ እንቅልፍን ጭራሽ እንዳትጠላ ሠጉ። ስለዚህ ልጆቹ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሰለፉ የተጠቀለለውን ቅጠል አውጥተው ጓዳ ባልዲ ውስጥ ጣሉና፣ ከገዛ ሥርዓታቸው ውጪ ቤታቸው በመጽሐፍ ተጭነው አድርቀው በከረጢታቸው የያዙትን ሌላ ቅጠል በቦታው ተኩ።

ዘበኛዋ ተመልሳ ጋዜጣውን ገለጠች። አዲሱ ቅጠል ቆንጆ ነበር። እሷ ግን አተኩራ አየችውና «ይሄ የኔ አይደለም» አለች።

«ያንቺ ነው እንጂ እሜቴ። ለጥ ብሎ ነው።»

«የኔን ትል በልቶታል። እዚህ ጋ።» ቀዳዳው መኖር የነበረበትን ቦታ በጣቷ ነካች። ከዚያም ሳታለቅስ፣ ድሮም የምታውቀውን ነገር እንደምትናገር ሁሉ፣ «ዘወር ስል ሄደ» አለች።

እትዬ ሙጫ ጓዳ ገብተው የቆሻሻ ባልዲው ላይ አጎነበሱ።

«ምን ጠፋሽ?» አለች ምግብ አብሳይዋ ካሮት እየላጠች።

«ቅጠል።»

«ግቢው ሙሉ ቅጠል ሞልቶ አንቺ ከቆሻሻ ትለቅሚያለሽ። ዕድሜ ነው እንግዲህ።»

«ዕድሜ አይደለም። ልጅ ዋሽቻለሁ።»

ምግብ አብሳይዋ ቢላዋውን አስቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች። «አንቺ የጣልሽው ላይ እኔ ልጣጭ ደርቤበታለሁ። ኃጢአቱን እንካፈላለን» ብላ አብራቸው አጎነበሰች። ቅጠሉ ከካሮት ልጣጭ ሥር ተገኘ፤ ረጥቧል፣ ጥቅልሉን ግን አለቀቀም።

ምሽት ላይ እናቲቱ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ እትዬ ሙጫ በር ላይ ጠበቋት።

«ልጄ፣ ይቺ ልጅ ተኝታ ያጣችው ነገር አለ?»

እናቲቱ በሳሙና የተላላጡ እጆቿን ነጠላ እንደምታጥፍ አጣጠፈቻቸው። «እኔን» አለች። «ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ ልክ እንደተኛች ለጎረቤት ትቻት ወጣሁ። እያለቀሰች ጥያት መሄድ አላስቻለኝም፤ ተኝታ ይሻላል ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀን ዓይኗን አትከድንም። እትዬ፣ ሊያስወጧት ነው እንዴ?»

«ገና ዓርብ አልመሸም» አሉ እትዬ ሙጫ።

ዓርብ ቀትር ልጆቹ ሥራ ሲገቡ፣ እትዬ ሙጫ ከዘበኛዋ ፍራሽ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ተሰማ። ካርቶን፣ ሙጫና ብሩሽ አቀረቡ፤ የተጠቀለለውን ቅጠልም ካርቶኑ ላይ አኖሩላት።

«የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሳልጠይቅሽ ነው የወሰድኩት። ይቅር በይኝ።»

ልጅቷ የትሉን ቀዳዳ ፈለገች፤ አገኘችው። የይቅርታውን ነገር አላነሣችም። ቅጠሉን ወዲያ ወዲህ አገላብጣ በብዙ ሙጫ ካርቶኑ ላይ አቆመችው። ከኪሷም ግቢው ውስጥ የለቀመችውን ክብ ፍሬ አውጥታ በጥቅልሉ ውስጥ አስገባች። ልክክ አለ።

«ተኛ» አለችው።

«ማን ሊጠብቀው ነው?» አሉ እትዬ ሙጫ።

«አንቺ።»

«እሺ።»

«ትሄጃለሽ።»

«አልሄድም።»

ዘበኛዋ አሰበች። የእኚህን ሴት ቃል ትናንት ሰምታዋለች፤ ቃል ብቻውን አልበቃትም። ብሩሹን ነክራ የሽርጣቸውን ጫፍ ቀባች፤ ከቅጠሉ አጠገብ ካርቶኑ ላይ ለጠፈችው፤ እንደተማረችውም በመዳፏ ተጭና ያዘችው። ከዚያ ካርቶኑን ወደ ፍራሿ ስባ፣ አንድ እጇን ጨርቁ ላይ አድርጋ ጋደም አለች። ዓይኗን ከፍታ ጫፉን አየች። እንደገና አየች። ከዚያ በኋላ አላየችም።

እትዬ ሙጫ እግራቸው ደነዘዘ፤ አልተነቃነቁም። አስተዳዳሪዋ በሩን ገርበብ አድርጋ «እትዬ፣ ወላጆች መጥተው እርስዎን እየጠየቁ ነው» ብላ አንሾካሾከች።

«ተለጥፌያለሁ» አሉ።

አስተዳዳሪዋ ሽርጡን አየች፤ ከሽርጡ ካርቶኑን፣ ከካርቶኑ ትንሿን እጅ፣ ከእጇም የተኛችውን ልጅ። መጋረጃውን ጋረደችና በሩን እጀታውን ይዛ ያለ ድምፅ ዘጋችው። ቆየት ብሎ ምግብ አብሳይዋ ሻይ ይዛ ገባች። «በፈላ ውሃም አትለቅ አላልኩም?» አለች ጆሯቸው ሥር፤ ብርጭቆውንም እጃቸው ከሚደርስበት ላይ አኖረችላቸው።

ልጅቷ ስትነቃ መጀመሪያ የፈለገችው የጨርቁን ጫፍ ነው። ሳበችው፤ ደርቆ ስለነበር አልላቀቅ አለ። ማቆያው ውስጥ የመጀመሪያውን ሳቋን ያን ጊዜ ሳቀች። ጨርቁ በግድ ቢነቀል ካርቶኑም ቅጠሉም ይቀደዱ ነበር። እትዬ ሙጫ መቀሳቸውን አስመጡና የሽርጡን ጫፍ እንደ ልብስ ሰፊነታቸው በቀጥታ መስመር ቆረጡት።

«ጨርቅ ይተካል» አሉ።

አመሻሽ ላይ አስተዳዳሪዋ እናቲቱን በር ላይ ተቀብላ «ሰኞ እንደ ወትሮው አምጫት» አለቻት። ልጅቷ የእናቷን እጅ ይዛ ወደ ግድግዳው ወሰደቻት። ለጥ ካሉት ወፎችና ዓሦች መካከል አንድ ቅጠል ብቻ ጎበጥ ብሎ ወጥቷል፤ በውስጡ ፍሬ አለ፤ ከአጠገቡ ሰማያዊ ጨርቅ ተለጥፏል።

«ይሄ ምንድን ነው የኔ እናት?»

«ተኝቷል።»

«ይሄስ፣ ሰማያዊው?»

«እሱ እትዬ ሙጫ ነች» አለች ልጅቷ። «እየጠበቀችው ነው።»