ማጀቴ ላይ ያለቀስንበት ጨዋታ

ባለፈው ሳምንት ሸዋ ሮቢት ገበያ በርበሬ በሚያራግፍ አይሱዙ አጠገብ ሳልፍ አፍንጫዬን ቆጠቆጠኝና ደጋግሞ አስነጠሰኝ፤ ሰዉ "ይማርሽ" ሲለኝ እኔ ብቻዬን እስቅ ጀመር።

የከተማችንን እግር ኳስ ቡድን አሥር ዓመት ያህል የተከተልኩት በረኛው ወንድሜ ሰይድ ስለነበረ ነው፤ አባታችን "እሱ ባለበት ሂጂ" ብሎ ስለፈቀደልኝ ሜዳ ለሜዳ ስዞር አደግሁ። ከዚያ ሁሉ ጨዋታ የማይረሳኝ ማጀቴ ከተማ ላይ የተደረገው ነው። ለማለፍ አቻ ይበቃን ነበር፤ ግን ማጀቴ ሄደን ሳንሸነፍ ተመልሰን አናውቅም።

ቡድኑን እንዲያደርሱ የተለመኑት ጋሽ ተክሉ በአይሱዟቸው በርበሬ ሲያመላልሱ ሰንብተው ኖሮ ሳይጠርጉት ጫኑን። እኔ ጋቢና ስለነበርኩ ምንም አላወቅሁም፤ ከኋላ ግን ጀውሃን አልፈን ነፋሱ ሲበረታ ብናኙ ተነሥቶ ተጫዋቾቹን አጠናቸው። ማጀቴ ሲወርዱ ዓይናቸው ፍም መስሎ፣ አፍንጫቸው እየፈሰሰ፣ አንዱ ሌላውን ደግፎ ነበር። ሰይድ ደግሞ እናታችን የሰፋችለትን ጥቁር የበረኛ ልብስ ለብሷል።

የማጀቴን ቡድን የሚያስተባብሩት፣ ጺማቸውን ሂና የቀቡት ሐጂ ኑሩ ደንግጠው ሰይድን አቀፉት።

"ማን ነው የሞተባችሁ ልጄ?"

ሰይድ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሳሉ አላናግር ስላለው እጁን ብቻ አወናጨፈ። ሐጂ "አላህ ይርሐመው" ብለው ወደ አሠልጣኛችን ዞሩ። አሠልጣኙ ጥቂት አሰበና "እንግዲህ ምን ይደረጋል" አለ። ሴቶቹም ዓይኔ መድረቁን አይተው "አልቅሺ እህቴ፣ ይውጣልሽ" እያሉ ጀርባዬን ያሻሹኝ ጀመር።

ጨዋታው ሲጀመር ማጀቴዎች ሐዘንተኛ መግፋት ነውር ሆነባቸው፤ ኳስ ሲነጠቁ ዝም ይላሉ፣ የእኛ ልጅ ሲወድቅ አንሥተው አቧራውን ያራግፉለታል። እኛም እያስነጠስን ሁለት ጎል አገባን። በእረፍት ላይ ሐጂ ጋሽ ተክሉን "ቀብሩ መቼ ነው?" ብለው ጠየቋቸው።

ጋሽ ተክሉ ጎማቸውን ከማየት ቀና ሳይሉ "የምን ቀብር ሐጂ? በርበሬ ነው እንጂ" አሉ።

ከእረፍት በኋላ ያየነውን አሳር እኛ ነን የምናውቀው። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ለሁለት ሆነ፤ ሊያበቃ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን። ዓይኔን በሻሼ ሸፈንኩና በጎን አየሁ። መቺው ሲንደረደር ሰይድ ማስነጠስ መጣበትና ባለበት ጎንበስ ሲል ኳሷ ግንባሩን መትታ ወደ ውጭ ወጣች። አለፍን።

ልንሸሽ ወደ መኪናው ስንጣደፍ ሐጂ መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁን። ለካ ጎረቤቱ ሁሉ ለእኛ ብሎ እሳቸው ቤት ምግብ አምጥቶ ኖሯል።

"ኑ ብሉ" አሉ ኮስተር ብለው፤ "ለሐዘንተኛ ነበር የተዘጋጀው፤ ሐዘንተኞቹ እኛ ሆነን ቀረን እንጂ።" ከዚያ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

ከዚያ ወዲያ ማጀቴ በሄድን ቁጥር ቤታችን እሳቸው ቤት ሆነ፤ ልጃቸው ዘሐራም ጓደኛዬ ሆነች።

ዛሬ ያ ቡድን ፈርሷል፤ ሰይድም ወገቡን ይዞ የአውሮፓ ኳስ በስልኩ ያያል። ሐጂ ወደ አኼራ ሄደዋል፣ ዘሐራ ሩቅ አገር አግብታለች፤ መንገዱም በእነዚያ ክፉ ዓመታት አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት እግራችን ተቆረጠ። የአሁኖቹ ልጆች እንደገና እዚያ እየሄዱ ይጫወታሉ አሉ፤ በሚኒባስ ሄደው ፊሽካው እንደተነፋ ይመለሳሉ። እኔ ግን አሁን ማጀቴ ብሄድ፣ "ማን ልበል?" ሳልባል የምገባበት ቤት የለኝም።