ፍሪሲዮን ላይ የነበረው እግር

ያ ሐሙስ እንደ ማንኛውም ሐሙስ ነበር። ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ መኪና በምንጠግንበት ግቢያችን ውስጥ ቡና የምታመላልስ አሮጌ ፒክአፕ ቆማለች፤ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ከሆዷ «ጓ» የሚል ድምፅ ይወጣል። ወንድሜ ነስሩ ጋቢና ገብቶ ተቀመጠ። እኔ እንደ ልማዳችን ከሥር ገባሁ።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዳሉ። ላይ ያለው ሞተሩን አስነሥቶ አንደኛ ማርሽ ያስገባና በግራ እግሩ የረገጠውን ፍሪሲዮን መኪናዋ ልትሄድ እስክታስብ ድረስ ብቻ ይለቃል፤ መልሶ ይረግጣል፤ ከዚያ የኋላ ማርሽ። ታች ያለው ደግሞ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ከካምቢዮ፣ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚወስደውን ረጅም ዘንግ ይከታተላል። ዘንጉን የሚያያይዘው መስቀል መሳይ ብረት፣ ክሮቼራ የምንለው፣ ከተበላ ዘንጉ ከመዞሩ በፊት ትንሽ ይወላገዳል። ዓይን ባያየውም መዳፍ ያውቀዋል። ነስሩ ጆሮን አያምንም ነበር። «ድምፅ በሻንሲው ብረት ላይ ይሮጣል፣ ኋላ ተወልዶ ፊት ይሰማሃል» ይለኝ ነበር።

ሁልጊዜ እሱ ወንበር ላይ፣ እኔ አፈር ላይ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ እሱ ጋ የገባሁ ነኝና ነገሩ ይከነክነኝ ነበር። ያን ቀንም ባለ መኪናው ፊት ከሥር ጮኼ፣ «ይሄ እኮ መካኒክ አይደለም፣ ወንበር አሟቂ ነው!» አልኩ። ሰዎቹ ሳቁ። ነስሩም ሳቀ። «ዝም በል! በጅማ ተኝቶ የሚበላ አንተ ብቻ ነህ!» አለኝ። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም። ለዚያ ነው አሁን የማፍረው፤ እሱ ቀልድ መስሎት ስለሳቀ።

ልጅ ሆኜ ወደ ሄርማታ ገበያ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ቡና በሚለቀምበት ወራት ከአጋሮና ከሊሙ የሚመጡ መኪኖች ጭቃ እንደለበሱ፣ ከአቅማቸው በላይ ተጭነው፣ የቀይ ቡና ገለባ እርጥብ ሽታ እያስከተሉ ይገባሉ። መንገዱ ዳር ቆመን ዓይኔን በመዳፉ ይሸፍንልኛል። መዳፉ ግራሶና የልብስ ሳሙና ይሸታል። የሚያልፈው መኪና ማርሽ ሲቀይር አንኳኳ ወይስ አላንኳኳም ብሎ ይጠይቀኛል። ካወቅሁ ሸንኮራ፣ ካላወቅሁ ኩርኩም፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም። ክፍል ውስጥ አስተማሪው ስለ ወንዞች ሲያስረዳ እኔ በመስኮት የሚያልፈውን አይሱዙ አዳምጥ ነበር። አስተማሪውም ለአባታችን፣ «ልጅዎ ጆሮ አለው፤ ለእኔ ግን አይደለም» ብሎ ነገረው።

ዓርብ ነስሩ ለሱብሒ አልተነሣም። እማዬ ልትቀሰቅሰው ገባች። ከዚያ በኋላ ያለውን… ልቡ ነው አሉን። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው። ከጁምዓ በኋላ ቀበርነው። እኔ አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ «ሶብር አድርግ፣ ቻለው» እያለ ያቅፈኝ ነበር። የማደርገው ሶብር እንኳ አልነበረም፤ ደረቅ ነበርኩ።

ከቀብር እንደተመለስን የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ከድር፣ ዘመዶቻችንን መኪናው ኋላ ላይ ጭኖ ከአጋሮ ደረሰ። ሴቶቹ ገና ሳይወርዱ ዋይታቸው ግቢውን ሞላው። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። አጎቴ መኪናውን ሊያስተካክል የኋላ ማርሽ ሲያስገባ፣ ጓ። ክሮቼራ፣ አልኩ በልቤ። የወንድሜ መቃብር አፈር ገና ሳይደርቅ፣ እናቴ ደረቷን እየመታች፣ ጆሮዬ መኪና ይመረምራል። አክስቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ በትከሻዋ በኩል ያንን ዘንግ እያሰብኩ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ አልኩ። ለማንም ሳልናገር አደርኩ።

በማግሥቱ ጠዋት አጎቴ ሊሄድ ተነሣ። የተሰጣ ቡና ጥለው ነው የመጡት፣ ሰማዩም ከብዷል። ሴቶቹና ልጆቹ ተሳፈሩ። ሞተሩ ሲነሣ ድንኳን ውስጥ ካለው ምንጣፍ ላይ ተነሣሁ። ዘንጉ ቁልቁለት ላይ ከተበጠሰ መኪናው የጫነውን ሁሉ ይዞ ገደል ነው የሚገባው።

«አጎቴ፣ ያጥፉት። ከሥር ልየው።»

«ማሎ፣ እባክህ ልጄ! ዛሬ? በወንድምህ ሐዘን?»

«ሰዎቹ ይውረዱ።»

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች ዞረው አዩኝ። አንዱ «ሥራ ናፍቆት ነው እንዴ?» ሲል ሰማሁት። ፊቴ ነደደ። ቢሆንም ሁሉም ሲወርዱ ድንጋይ ፈልጌ ጎማዎቹን አገድኩና፣ ለሐዘን የለበስኩትን ነጭ ጀለቢያ እንደለበስኩ ተንሸራትቼ ገባሁ። «አንደኛ ያስገቡ፣ ቀስ አድርገው ይልቀቁት» አልኩ።

አጎቴ በአንዴ ለቀቀው። መኪናው ዘለለ፣ ድንጋዩ ተፍገመገመ፣ ከአፍንጫዬ በላይ ያለው ብረት ሁሉ ተንገጫገጨ። «ይቅርታ ልጄ፣ እግሬ ነው!» አለ ከላይ።

ፈራሁ። ስንት መኪና ሥር ተኝቻለሁ፣ ፈርቼ አላውቅም ነበር። ደፋር የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ ያ ሁሉ ዓመት ነስሩ ከላይ ሆኖ፣ እያወራም እየሳቀም፣ ፍሪሲዮኑን እንደ እንቁላል ይዞልኝ ነበር። ወንበር አሟቂ ያልኩት እሱን ነው።

አጎቴ የኋላ ማርሽ አስገባ። ዘንጉ መዳፌ ውስጥ ተወላገደ፤ ከክሮቼራው ጠርዝ ቀይ የዝገት ዱቄት ደረቴ ላይ ረገፈ።

«አጎቴ፣ ያጥፉት! አጋሮ አይደርስም። ሰዎቹ ከመናኸሪያ ተሳፍረው ይሂዱ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ አየኸው! በል ውጣ።»

አልወጣሁም። መውጣት አቃተኝ። እዚያው በጀርባዬ እንደተኛሁ፣ እጄ ዘንጉ ላይ እንዳለ፣ ትናንት እምቢ ያለኝ ለቅሶ መጣ፤ ከመኪናው ውጭ የቀረው እግሬ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። ሰዎች እየተሰበሰቡ ጫማቸው በዙሪያዬ በዛ። አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቴን ይዞ ሊጎትተኝ ጀመረ።

የእማዬ ባዶ እግር ከጫማዎቹ መሃል ገባ።

«ተዉት» አለቻቸው። «እየሠራ ነው።»