ማርያምን መጥራት የተከለከልኩበት ክፍል

የመጀመሪያ ልጄ አገራችን ወገዳ፣ እቤታችን ተወልዶ ሳያለቅስ ስለቀረ፣ ሁለተኛውን ሳረግዝ ባለቤቴ ሆስፒታል ካልወለድሽ ብለው ያዙኝ። የወረዳው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ እሳቸው አንዴ ከወሰኑ ደግሞ ይግባኝ የለውም። ቀኔ ሳይደርስ በበቅሎ ጭነው፣ እናቴን አስከትለው፣ ሩቅ ከተማ ወሰዱኝ። እሺ ያልኩት ግን ወድጄ ነው። ሌላ ልጅ መቅበር አልፈልግም ነበር።

ምጡ ሲጀምረኝ የሆስፒታሉ ሰዎች እናቴን ከበር መለሷት። እኔን አስገብተው ልብሴን አስወለቁኝ፣ ላጩኝ፣ በጎማ ቱቦ ውሃ ከታች አስገብተው ሆዴን አጠቡት። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ አዋላጇ ነርስ ደንብ ነው አለችኝ። ነጭ በነጭ የለበሰች ወጣት ናት፤ ክፉ ሴት አልነበረችም። ግን የምጠይቃት ሁሉ መልሱ አንድ ነው። ውሃ ጠማኝ ብል፣ አይፈቀድም፣ ደንብ ነው። ተነስቼ ልንጎራደድ ብል፣ አይቻልም፣ ደንብ ነው።

በእኛ አገር ሴት የምትወልደው ተንበርክካ ነው። አንዷ ከኋላ ወገቧን ትይዛለች፣ ሌሎቹ ከፊት ይደግፏታል፤ ምጡ በመጣ ቁጥር እሷ ማርያም ማርያም ስትል እነሱም አብረዋት ይጣራሉ። እዚህ ግን በጀርባዬ አጋድመው እግሬን ከብረት ጋር አሰሩት። ቆሜ ሳለሁ ወደ ታች ይገፋ የነበረው ልጅ ስተኛ ቀጥ አለ። ይህን ብነግራት አልሰማችኝም። ተናደድኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ ማርያምን ተጣራሁ።

«ድምፅ ሳታሰሚ ግፊ» አለችኝ። «ሌሎችም በሽተኞች አሉ።»

በሽተኛ መሆኔን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ።

እናቴ ውጭ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አብራኝ ትጣራ ኖሯል። በእኛ ዘንድ የምታምጥ ሴት ማርያምን መጥራት ካቆመች ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው። ድምፄ ሲጠፋባት ጊዜ ሞተች ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ጀመረች። እኔ ተኝቼ የራሴን ለቅሶ እሰማለሁ። አለሁ ብዬ ልጮህላት ስል ነርሷ መቀስ ይዛ ጎንበስ አለች። ምን ሊያደርጉኝ ነው አልኳት።

«ትንሽ እቆርጥሻለሁ። የመጀመሪያዋ የሆነች ሁሉ ትቆረጣለች።»

«የመጀመሪያዬ አይደለም» አልኩ። እስክጨርስ ቆርጣኛለች።

ልጄ ተወለደች፤ አለቀሰችም። ለዚህ ፈጣሪን አመሰግናለሁ፣ ነርሷንም አመሰግናለሁ። እናቴ የልጅ ድምፅ ስትሰማ እንባዋን ሳትጠርግ እልል አለች፤ ገና ስትጀምር ዘበኛው መጥቶ ዝም አሰኛት። እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚለኝ ሰው ሳላገኝ ልጄን ጠቅልለው ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱብኝ።

ወገዳ ተመልሼም ስቀመጥ ስነሳ ቁስሉ ሲያመኝ ከረመ። ሰው ሁሉ ሆስፒታሉ ልጅሽን አዳነልሽ ይለኛል። ሊሆን ይችላል። መቆረጤ አስፈልጎ ከሆነ እሰየው፤ ከመጀመሪያ ወላድ ጋር ደባልቀውኝ ከሆነ ግን ያንን ማን ይነግረኛል? እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሦስተኛውን ሳረግዝ ባለቤቴ ያንኑ ሆስፒታል አነሱ። እሄዳለሁ አልኳቸው፤ ግን እናቴ ከጎኔ ትሁን፣ ተንበርክኬ ልውለድ፣ መቀስ ከመነሳቱ በፊትም ምክንያቱ ይነገረኝ። እሳቸውም ለሥራ ወደዚያ ከተማ ሲሄዱ ጠይቀው መጡ። ከበቅሏቸው ሲወርዱ ፊታቸውን አይቼ መልሱ ገባኝ። ሁሉም ሴት ተኝታ ነው የምትወልደው፣ ደንቡ አይፈቅድም ብለዋቸዋል።

ከተጋባን ጀምሮ አንቱ ነው የምላቸው፤ ያን ቀንም አንቱታዬን አላጓደልኩም።

«እንግዲያው እርስዎ ሄደው ይተኙላቸው» አልኳቸው።