«ያው ነው» ተብዬ የገዛሁት የአረም መድኃኒት

ባለፈው ሳምንት ሮቤ ገበያው አጠገብ ካለ ሱቅ የኤሌክትሪክ ገመድ ልገዛ ገብቼ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረች ሴት የስልክ ቻርጀር ስታገላብጥ ሻጩ፣ «እናቴ፣ ያው ነው፤ ልዩነቱ ስሙ ብቻ ነው» አላት። ይህችን ንግግር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ገመዱን ሳልገዛ ወጣሁ። ልጆቼ «አባ፣ ድሃ ታዲያ ምን ይግዛ?» እያሉ ይሟገቱኛል። እኔ ርካሽ ዕቃ አልጠላም። የራሱን ስም ጽፎ በርካሽ የሚሸጥን ማን ይጠላዋል? የሰው ስምና ሥዕል ለጥፎ የድሃን ችግር የሚነግድበትን ነው የምጠላው።

እውነቱን ለመናገር ወጣት ሳለሁ እኔም የፎርጅድ ወዳጅ ነበርኩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ከአባቴ ጋር እርሻ ስጀምር፣ ጎባ ገበያ የገዛሁት ጃኬት ነበረኝ። ደረቱ ላይ የታወቀ ድርጅት ምልክት ተለጥፎበታል፤ የውሸት መሆኑን እኔም ጓደኞቼም እናውቃለን። ቢሆንም ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ሲሰብር ሁለት ክረምት አሙቆኛል። ለዚያ ጃኬት እስከ ዛሬ ክፉ ቃል የለኝም። ጥፋቱ ልቤን ማሳበጡ ነው፤ ዋናውን የሚገዛ ሁሉ ሞኝ፣ እኔ ብቻ ብልጥ መሰለኝ።

ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ባላቸው ሞተውባቸው አንዲት የስንዴ ማሳ ብቻቸውን የሚያለሙ ሴት ነበሩ። ማሳቸው በእኛና በኦቦ ሁሴን ማሳ መካከል ናት። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ሲናር ወረራቸው። ሲናር ስንዴ መስሎ ከስንዴ ጋር የሚያድግ አረም ነው፤ እሱም ከፎርጅዶቹ ወገን ነው። ገበያ ልሄድ ስል ጠሩኝና በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ አቀረቡልኝ።

«ጀማል ልጄ፣ አምና የረጨነውን መድኃኒት ግዛልኝ። ያንኑ ነው፣ ሌላ እንዳታመጣ» አሉኝ።

ሻጩ ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን አቆመልኝ። ቀለሙ አንድ፣ ክዳኑ አንድ፣ የስንዴው ሥዕል አንድ፤ የአንደኛው ዋጋ ግን ግማሽ ነው። «ያው ነው፣ ልዩነቱ ስሙ ብቻ ነው» አለኝ። የጃኬቴ ነገር ትዝ አለኝና አመንኩት። የተረፈውን ገንዘብ ስመልስላቸው «ዘንድሮ ረክሷል» ብዬ ዋሸኋቸው። «ረቢ ሲ ሃ ጉዲሱ፣ አላህ ያሳድግህ» ብለው መረቁኝ። መርጫውን አዝዬ የረጨሁላቸውም እኔው ነኝ።

በሌላው ማሳ ሲናሩ ቢጫ ሆኖ ሲሞት በእሳቸው ማሳ ፋፋ። በኅዳር ከስንዴው በላይ ራሱን አውጥቶ ይወዛወዝ ጀመር።

በእኛ አካባቢ የኪራይ ኮምባይነር ማሳዎችን ተከትሎ በተራ ነው የሚያጭደው። ችግሩ፣ ከአንዱ ማሳ የሰበሰበውን የአረም ዘር በሆዱ ይዞ ወደሚቀጥለው ይገባል። እናም የአዴ ፋጡማ ተራ ሲደርስ ኦቦ ሁሴን ከፊቱ ቆሙ።

«ከዚህ ወጥቶ የኔን ማሳ አይረግጥም! ይህን ሁሉ ሲናር ሊዘራብኝ ነው? የእሷ መጨረሻ ይታጨድ!»

እውነታቸውን ነበር። ሌሎቹም ደገፏቸው። አንዱ «ሳትረጭ ቀርታ እኛን ታስቸግረናለች» አለ። ሌላው «ሴት ብቻዋን ስታርስ እንዲህ ነው» ብሎ ሳቀ።

አዴ ፋጡማ ዞር ብለው አዩኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው» ለማለት ሦስት ቃል ነበር የሚያስፈልገኝ። ብልጥ መባሌ ሊቀርብኝ ሆነና አፌን ዘጋሁ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ሰዎቹ መልሰው «ረጭተናል። ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው» ብቻ አሉ።

ኮምባይነሩ አልፏቸው ሄደ። ተራቸው ሳይደርስ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ አራት ቀን ወረደ፤ ስንዴው በቆመበት ፍሬው ዛላው ላይ በቀለና ተበላሸ። ለከብት እንዲሆን በማጭድ ስናጭደው ከሁሉም ሰው በላይ ለፋሁ፤ ማንም ግን ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። በዓመቱ መሬታቸውን ምርቱን ለመካፈል ለኦቦ ሁሴን የእኩል ሰጡ። ከዚያ ወዲህ በራሳቸው እጅ አላረሱም።

አግብቼ ልጆች ከወለድሁ በኋላ፣ በአንድ ዓረፋ ልጠይቃቸው ሄጄ እንደምንም ጀመርኩ። «አዴ፣ ያ መድኃኒት...»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «የአምናው ሽታው ራስ ያዞር ነበር፤ ያንተው እንደ ውኃ ነበር። የረጨህ ዕለት ነው ያወቅሁት። ሌላ መግዣ አልነበረኝም፤ እንዳታፍርም ብዬ ዝም አልኩ። ሰዎቹ ፊት ግን ትናገራለህ ብዬ ጠብቄህ ነበር።»

አሁን በሕይወት የሉም፤ አላህ ይማራቸው። ልጆቼ ሲሟገቱኝ፣ ጫማውንና ሸሚዙን እንደፈለጋችሁ ግዙ፤ ቢቀደድ የሚበርደው ለባሹን ነው እላቸዋለሁ። የሰው አደራ ሲሆን ግን አይሞከርም። ያንን የመድኃኒት ሻጭ ስንት ዓመት ረገምኩት! ዛሬ መልኩ እንኳ ጠፍቶብኛል። ቁጣዬ ሁሉ ወደ እሱ ቢሄድልኝ እንዴት በወደድኩ። እሱ የሸጠልኝ አንድ ጠርሙስ ውኃ ነው፤ ዝምታውን ማንም አልሸጠልኝም።