አባዬ በማይክሮስኮፕ ያዩት አረንጓዴ

አባቴ ሰው ሲመርቁ እንትፍ ይላሉ። ዘንገና አካባቢ የማያውቅላቸው የለም። ሙሽራ ይሁን መንገደኛ፣ ፈተና የሚቀመጥ ተማሪ ይሁን፣ ሌላው ቀርቶ አዲስ የተገዛ ፈረስ፣ ፊታቸው ይቀርባል። ግንባሩን በሁለት እጃቸው ይይዙና ሦስት ጊዜ እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ ይላሉ። ሆዳቸው ሲባባ ምርቃቱ ከአማርኛ ወደ አገውኛ ይሻገራል፤ ያኔ እኔ ግማሹን እንኳ አልይዘውም፣ ዝም ብዬ አሜን እላለሁ።

ልጄ የዚህ ምርቃት ቋሚ ደንበኛ ነበረች። አራት ዓመቷ ነው። ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ "አባባ፣ ድገመኝ!" ትላለች። "ይድገሙኝ በይ፣ አንቺ ባለጌ!" ብዬ ስቆጣ እሳቸው መልሰው እኔን ይቆጣሉ። "ተያት እስቲ! አንቱታው ስታድግ ይደርሳል" ይሉኛል። እኔ በአራት ዓመቴ አንተ ብላቸው ኖሮ ምን ይውጠኝ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

አንድ ቀን አንዲት ጎረቤታቸው ወልዳ ብዙ ደም ፈሰሳት። አባዬ "የኔን ውሰዱ" ብለው ከወሰዷት ሰዎች ጋር ወደ ጤና ተቋሙ ሄዱ። ሲመረመሩ ደማቸው ውስጥ የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው፣ ተገኘና ደማቸው ሳይወሰድ ቀረ። ከጤና ተቋሙ ግቢ ሆነው ደወሉልኝ። "ዓይኔ እንደሆነ ነጭ ነው፤ የወፍ በሽታ ከየት መጣብኝ?" አሉኝ፤ ሰው ዓይኑ ቢጫ ሲሆን የምንለውን ማለታቸው ነው።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። እኔ እንጅባራ ውስጥ በአንድ የምርምር ላብራቶሪ የምሠራው ከዚሁ ቫይረስ ጋር ነው። ጠዋት ማታ የማወራው ስለ እሱ፣ ተማሪ ፊት ቆሜ "በምን ይተላለፋል? በምን አይተላለፍም?" እያልኩ የማስጨንቀው ስለ እሱ ነው። የዚያን ቀን ግን ላብራቶሪ ውስጥ ናሙና የማጥብበት ሰዓት እያለፈብኝ ነበር። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ወትፌ "ምንም አይደለም አባዬ፣ ብቻ ወደ ሰው እንዳይተላለፍ ጥንቃቄ ያድርጉ፣ እደውላለሁ" ብዬ ዘጋሁ። በምን እንደሚተላለፍ ሳልነግራቸው! ለሰው ልጅ ሁሉ የምለፈልፈውን ለገዛ አባቴ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ! ሲመሽም አልደወልኩም፤ ረሳሁት።

እሳቸው ግን የልጃቸውን ቃል ይዘው ጥንቃቄ አደረጉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጄን ይዤ ስሄድ ክው አልኩ። ኩባያቸውን ለይተው እጀታው ላይ ቀይ ክር አስረውበታል። ምግብ ለብቻቸው፣ ከበር አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ። ልጄ እየሮጠች ልትጠመጠምባቸው ስትል እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟት። "እዚያው ሁኝ የኔ እናት፣ እዚያው" አሏት። እሷም መሀል ቤት ቆማ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ "አባባ ተጣልቶኛል" አለችኝ፤ አንጀቴን በላችው።

በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ጉበታቸው ደህና መሆኑ ታየ፣ በየስድስት ወሩ መታየት አለብዎት ተባሉ። ሐኪሙም በዝግታ አስረዳቸው፦ በደም ነው፣ በምላጭ ነው፣ በሩካቤ ነው፣ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ነው፤ አብሮ በመብላት፣ በኩባያ፣ በመሳሳም አይደለም። አባዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ክሩም ተፈታ፣ ወደ ማዕዱም ተመለሱ። እንትፍታው ግን አልተመለሰም። ልጄን መሳምም ቢሆን እምቢ አሉ።

"ደሜ ውስጥ ካለ ምራቄን በየት በኩል ያልፈዋል? አንድ ጉድጓድ ውኃ አይደለም እንዴ?" ይሉኛል።

"አባዬ፣ ሐኪሙ ነገረዎት እኮ!"

"እሱ የልጅ ልጅ የለውም፤ ገና ጎረምሳ ነው።"

ግግም አሉ። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ፤ ወይ ፍንክች! ሰው ለምርቃት ሲመጣ "ታምሜያለሁ" እያሉ ይመልሱ ጀመር። የልጄ ነገር ይብስ ነበር። መጠየቋን ተወችው። እዚያ ቤት ስንሄድ እንደ እንግዳ ጉልበታቸውን ስማ ጥግ ትቀመጣለች። የአራት ዓመት ልጅ ሥርዓት ስትይዝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

ቫይረሱ ከተገኘባቸው ስምንት ወር ሲሞላ፣ ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ እያካፋ፣ አባዬ ሳይደውሉ ላብራቶሪ ድረስ መጡ። ልጄ የዚያን ዕለት መዋያ አጥታ ከኔ ጋር ነበረች፤ ጸሐፊያችን ቢሮ ወረቀት ላይ ትሞነጫጭራለች። አባዬ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው አንዲት የሽሮፕ ብልቃጥ አወጡ። በፌስታል ሦስት ጊዜ ተጠቅልላለች።

"ምንድን ነው አባዬ?"

"ምራቄ ነው። በሽታውን በመብራት አየዋለሁ ትይ የለ? እንግዲህ እይልኝ።"

ኧረ በስመአብ! ከዘንገና ኮሶበር ድረስ (እንጅባራን ዛሬም ኮሶበር ነው የሚሏት) ምራቃቸውን ታቅፈው በባጃጅ! ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳየው ሳቄ ጠፋ። ሌሊቱን እንዳልተኙ ያስታውቃል።

ሥራችን እንዲህ ነው። አንቲቦዲ የሚባል ነገር አለ፤ የቫይረሱን የውጭ ልባስ ፕሮቲን ብቻ ፈልጎ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። የኛዎቹ ላይ ቀለም ተለጥፎባቸዋል፤ ሰማያዊ መብራት ሲያርፍበት አረንጓዴ ያበራል። ብርሃን ስለሚያበላሸው ብልቃጡን በፎይል ጠቅልለን፣ መጋረጃ ዘግተን በጨለማ እንሠራለን። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ትርፉን አንቲቦዲ በደንብ ሳላጥብ ቀርቼ ናሙናው ያረፈበት መስታወት ከዳር እስከ ዳር ቦግ አለ። "አገኘሁ!" ብዬ ስጮህ አለቃዬ አየና "የጥምቀትን ዋዜማ አስመሰልሽው እኮ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቫይረስ የሌለበት አንድ መስታወት ሁልጊዜ ጎን ለጎን አዘጋጃለሁ። እሱ ላይ አረንጓዴ መታየት የለበትም።

ያ ንጹሕ መስታወት የዚያን ቀን መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ሰይጣን ጆሮዬ ሥር መጣ። ብልቃጧን ተቀብዬ፣ ወደ ጓዳ ገባ ብዬ፣ ንጹሑን አስቀምጬ "ይኸው ምራቅዎ! አረንጓዴ አለው? የለውም!" ብል ማን ያውቃል? ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፣ ልጄም አያቷን ታገኛለች። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ላደርገው ቆርጬ ነበር፣ እውነቴን ነው። ጋውን አልብሼ ወደ ጨለማው ክፍል አስገባኋቸው። ማይክሮስኮፑ ፊት ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁና በደረታቸው ያዙት፤ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው። እኚህን ሰው እንዴት ብዬ ልዋሻቸው?

"አባዬ፣ ምራቅዎን አላየውም" አልኳቸው። "ባየውም ምናልባት ትንሽ ያበራ ይሆናል። ማብራቱ ግን ልጅቱን በሽታ ያሲዛል ማለት አይደለም። ምንም የለበትም ብዬ ልዋሽዎት አልፈልግም።"

ብልቃጧን ጨበጥ አደረጓት። በቃ፣ አበላሸሁት አልኩ በሆዴ።

ሌላ የምሆነው ስላጣሁ ቫይረሱ ያለበትን መስታወት አስገባሁላቸው፤ ከሌላ ከተማ በመድኃኒት ተገድሎ የሚላክልን ነው፣ ማንንም አይጎዳም። ጎንበስ ብለው ብዙ ጊዜ አዩ።

"ይሄ አረንጓዴው በሽታው ነው?"

"አይደለም አባዬ። በሽታውስ በዚህ አይታይም። አረንጓዴው የያዘው ነው።"

"ማን ነው የያዘው?"

"አንቲቦዲ። ጠባቂ ይበሉት።"

"ከየት ታመጡታላችሁ?"

"ለኛ በብልቃጥ ይመጣል። የተከተበ ሰው ግን በገዛ ደሙ ውስጥ ያበጀዋል።"

ቀና አሉ። በጨለማው ፊታቸው አይታየኝም፤ ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል።

"ልጅቱስ?"

"በሕፃንነቷ ተከትባለች። ባለፈው ወር ደግሞ ለእርስዎ ብዬ ደሟን አስመርምሬያለሁ። ስነግርዎት አልሰሙኝም እንጂ፣ አላት።"

"ይሄው? ይሄ ያየሁት?"

"የዚሁ ዓይነት። ቀለም ስላልተቀባ አያበራም እንጂ።"

እንደገና ጎንበስ አሉ። አሁን የሚያዩት እሷን ነበር መሰለኝ። "ሄዶ ቢያገኛት እንኳ እንዲህ አድርጎ ይይዝላታል?" አሉኝ።

"ይይዝላታል አባዬ።"

ከክፍሉ ስንወጣ ብልቃጧን ራሳቸው ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣሏት። ልጄ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። እጃቸውን ዘረጉላት። አልመጣችም፤ የጸሐፊዋ ቀሚስ ሥር ተለጠፈች። "አባባ ታሟል፣ አይነካም" አለች። ያን የስምንት ወር ትምህርት ከአፏ ስሰማ እኔን ይድፋኝ አልኩ። አባዬ በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩና ጠበቋት። አንድ እርምጃ መጣች፣ ቆመች፤ ሌላ እርምጃ መጣች። ግንባሯን በሁለት እጃቸው ያዙ። እንትፍ አሉ፣ እንትፍ፣ እንትፍ፤ አማርኛው ወዲያው አለቀባቸውና በአገውኛ ቀጠሉ። ልጄ ፊቷን በእጅጌዋ ሳትጠርግ ዓይኗን ጨፍና ቆመች።

እኔ ግድግዳ ተደግፌ አለቅሳለሁ። ተማሪዎቹ እያዩኝ ያልፋሉ፤ ይዩኝ! አባዬ እሷን ታቅፈው እንደተንበረከኩ ቀና ብለው አዩኝ።

"አንቺስ? ተከትበሻል?"

"ሥራ ስጀምር ተከትቤያለሁ።"

"ታዲያ ነያ!"

ስምንት ወር ሙሉ ለልጄ ስከራከር፣ እኔንም እንዳልሳሙኝ ልብ አላልኩም ነበር። ነጭ ጋውኔን እንደለበስኩ አጠገባቸው ተንበረከኩ።